ስም ያልተጻፈበት ማዳበሪያ

የግሸን ተጓዦች በሚበዙበት ሰሞን ውጫሌ መናኸሪያ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ በመስኮት በኩል አንድ ማዳበሪያ ጉልበቴ ላይ ዱብ አለ። ከዚያ በፊት ይዘነው የነበረው ወሬ ደስ የሚል አልነበረም። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ሸንኮራ እየላጠ በስልኩ የጦርነት ምስል ያያል፤ ከኋላችን ሁለት ሴቶች ስለ ነዳጅ ዋጋ ያማርራሉ፤ ጋቢና የተቀመጠው ወጣት ደግሞ የሆነ አገር በጎርፍ መወሰዱን ጮክ ብሎ ለሁላችንም ያነብልናል። ሸንኮራ ላጩ በመጨረሻ "እንግዲህ ዓለም አበቃላት" ብሎ ፈረደና አንድ አንጓ ቆርጦ ሰጠኝ። ጣፋጭ ሸንኮራ ነበር። ዓለም እንዳበቃላት በሰማሁበት አፍታ በደስታ እያኘክሁ መሆኔ እኔኑ አሳቀኝ።

"ሐይቅ ስትደርስ ለጋሽ ይመር ትሰጥልኛለህ" አለ የማዳበሪያው ባለቤት። ቀና ስል ሰይድ ነው፤ የልጅነት ጓደኛዬ። ጅዳ ከሄደ ወዲህ ያየሁት ሁለቴ ብቻ ነው፤ ተመልሶ ውጫሌ ባጃጅ መንዳት መጀመሩንም የሰማሁት በወሬ ነው። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል፣ ሆዱ ቀድሞታል፣ ሳቁ ግን ያው ነው።

"ምን አለበት?" አልኩት፣ ገና ሰላም ሳልለው።

"እንዴ! የሐይቅ ሰው ሰላምታው እንዲህ ሆነ?"

"ምን አለበት አልኩህ።"

ሰይድ የመስኮቱን ጠርዝ ይዞ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። "ወላሂ አልነግርህም! መኪናው እስኪሞላ ቁጭ ብለህ አስበው" አለና ሻይ ሊያዝልኝ ሄደ። መኪናው ለመሙላት ገና ስምንት ሰው ይቀረዋል። ማዳበሪያውን ታቅፌ አሰብኩ። ያሰብኩት ግን የዛሬውን ማዳበሪያ አልነበረም።

ዛሬ አርባን ልደፍን ነው፤ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከደሴ በሐይቅ አድርጎ ውጫሌ የሚመላለስ ቅጥቅጥ ላይ ረዳት ነበርኩ። ከደሴ ሐይቅ ሦስት ብር ነው፤ ተከራካሪ ከሆነ ሁለት ከሃምሳ። ሱሪዬ ከታች ሰፊ፣ ሸሚዜ ቀይ፣ ጫማዬ ግን ኮንጎ ነበር፤ ከላይ ዘፋኝ፣ ከታች ገበሬ ይሉኛል። ሾፌራችን ሦስት ካሴት ብቻ ነበረው፤ አንዱ መንዙማ፣ አንዱ የአምባሰል ዜማ ያለበት የማሲንቆ ካሴት፣ ሦስተኛው ቴፑ የበላው። ጠዋት መንዙማው፣ ከሰዓት ማሲንቆው ይከፈታል። ተሳፋሪው ክርስቲያንም ይሁን እስላም አብሮ ያንጎራጉራል፤ ሦስተኛውን ካሴት ደግሞ ሾፌሩ በተናደደ ቁጥር ያስገባውና የሚወጣውን ጩኸት እያዳመጠ ይረጋጋል።

የረዳት ሥራው መጮህና መጫን ነው። ሰው ለዘመዱ የሚልከው ዕቃ ሁሉ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ማን እንደሚቀበለው እንዲታወቅ እኔ በወፍራም ማርከር ስም እጽፍበታለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት አላየሁም፤ ግጥም ያስተማረኝም የለም። ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ፣ የሰማሁትን ሁሉ በጣቴ እየቆጠርኩ ለመድኩት። እጄ ደግሞ ባዶ ቦታ ሲያይ አያስችለውም። የሰውየውን ስም ጽፌ ስጨርስ ከሥሩ ሁለት ስንኝ እደረድርበታለሁ። ውጫሌ ላይ የጤፍ ማዳበሪያቸውን ከመረከባቸው በፊት "እስኪ ዛሬ ምን ብሏል?" የሚሉ ሰዎች ነበሩ። አንዲት ሙሽራ የሳጥኗን ጀርባ ለዓመታት ሳታጥበው አቆይታለች ሲሉ ሰምቼ ለሳምንት ያህል በእግሬ መሬት አልነካሁም።

ችግሩ ግጥሜ ሁሉ ስለ ዓለም መሆኑ ነው። ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ ጥግ ላይ እትዬ ዘምዘም ሻይ ቤት ነበራት፤ ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ፓስቲ ሃምሳ ሳንቲም፤ ከጣሪያው በሽቦ የተንጠለጠለ ሬዲዮ ደግሞ በነጻ። ሬዲዮው የሩቅ አገር በረዶ እየቀለጠ ነው፣ ባሕሩ እየሞላ ነው፣ የታላላቆቹ አገሮች መሪዎች ተሰብስበው ሳይስማሙ ተበተኑ ይላል። እኔ አንጀቴ ያርራል። ቀይ ሸሚዜን አስተካክዬ እነሣና የዓለምን መሪዎች አንድ በአንድ እወቅሳለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ፓስቲያቸውን እያኘኩ ያጨበጭቡልኛል። አንድ ቀን ጋሽ ይመር፣ የአጥማጆቹ ሽማግሌ፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው ሲያዳምጡኝ ቆዩና "ግጥምህ ጥሩ ነው። የምትመክረው ግን ማንን ነው?" አሉኝ።

"ዓለምን ነዋ ጋሽ ይመር!"

"ዓለም ዘምዘም ቤት ሻይ ልትጠጣ ትመጣለች?"

"ትመጣለች እንጂ!" አለች እትዬ ዘምዘም ከምድጃው በኩል። "ዱቤ ነው የምትጠጣው!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አኮረፍኩ። ሰው እውነቱ ሲነገረው አይወድም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጋሽ ይመር የራሳቸው ዓለም ነበራቸው፤ እሱም ሐይቁ ነው። በዚያ ዘመን አምስት ቆሮሶ ዓሣ በደንገል ታስሮ በሁለት ብር ይሸጥ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን እስሩ ያው አምስት ሆኖ ዓሣው አነሰ። አጥማጆቹ በዚህ ነገር ተሰብስበው፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ቄሱም ባርከው፣ ዓይኑ የጠበበ መረብ ሐይቁ ውስጥ እንዳይገባ ተማማሉ፤ ጠባቡ መረብ ገና ያልደረሰውን ጫጩት ዓሣ ሁሉ ይጠርጋልና። መለኪያው የጋሽ ይመር ሦስት ጣት ነው። ሌባ ጣታቸውን፣ የመሐል ጣታቸውንና የቀለበት ጣታቸውን አጋጥመው በመረቡ ዓይን ያሾልካሉ። ካለፈ ታንኳው ይወጣል፤ ካላለፈ ሰውየው መረቡን ተሸክሞ ወደ ቤቱ። የጋሽ ይመር ጣት ደግሞ በዕድሜና በገመድ ብዛት አብጦ ካሮት ያህላል። "ጣቱ ቀጠን ያለ ዳኛ ይሰጠን" እያሉ የሚያለቅሱ ነበሩ። እሳቸው "ዓሣውም እንዲህ ወፈር ብሎ እንዲመጣ ነው" ይሉና ቀጣዩን ይጠራሉ። ስምምነቱን አፍርሶ የተገኘ ሰው ታንኳው ዳር ላይ ተገልብጣ አንድ የማጥመጃ ወቅት ሙሉ ትከርማለች።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ሰይድ አንድ ከሰዓት ከደሴ ገበያ ወደ መናኸሪያው ማዳበሪያ ተሸክሞ የመጣው። አባቱ ሞቶ እናቱንና ሁለት እህቶቹን በአንዲት ታንኳ የሚያስተዳድር ልጅ ነው። ጅዳ የሄዱት እኩዮቹ የላኩትን ፎቶ ካየ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም፤ ለመንገዱ የሚሆነውን ቶሎ አግኝቶ መሄድ ነው የሚፈልገው። ማዳበሪያውን ጣሪያ ላይ ወረወረልኝና "ስም አትጻፍበት" አለኝ።

"ለምን?"

"የቤት ዕቃ ነው። ሐይቅ ስንገባ ራሴ አወርደዋለሁ። አብሽር!"

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ማርከር ይዤ የቆምኩ ሰው ያን ስሰማ ሁለተኛ ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስም ካልተጻፈ ቦታው በሙሉ የኔ ነው! ጠዋት ከሬዲዮ የሰማሁት የሩቅ አገር ቃጠሎ ልቤ ውስጥ እየነደደ ነበር። ጣሪያው ላይ ተንበርክኬ በትልልቁ ጻፍኩበት፦

ዓለም ስትቃጠል ማነው የምትለው፣
እጅህን ዘርጋና ክብሪቱን ፈልገው።

እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ይሻላል ብዬ ሐይቅ እስክንደርስ ድረስ ሳንጎራጉረው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ደንገሉ መሐል አንድ መረብ ተገኘ። ዓይኑ የጋሽ ይመርን ሦስት ጣት ቀርቶ የትንሽ ጣቴን ጫፍ አያስገባም። ውስጡ ጥፍር የሚያካክሉ የዓሣ ጫጩቶች ሞተው እንደ ተሰጣ ምስር ያብረቀርቃሉ። ሽማግሎቹ አላመነቱም፤ ዳር ካለው ሾላ ሥር አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ማለት የአካባቢው ወንድ ሁሉ በአንድ ቦታ ተቀምጦ፣ ያየውን የሰማውን በመሐላ እየተናገረ፣ አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ አንድም ሰው ከጥላው የማይወጣበት ሸንጎ ነው። አጥማጁ ተቀመጠ፣ ገበሬው ተቀመጠ፣ ሾፌራችን እያጉረመረመ ተቀመጠ። ያ ቀን ደግሞ የሠርግ ቀን ነበር። ሙሽራው አዲስ ነጭ ኮቱን ለብሶ በእኛው ቅጥቅጥ ወደ ውጫሌ ሙሽሪትን ሊያመጣ ሲሰናዳ ነው የተጠራው። እሱም ኮቱን ሰብስቦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ሽማግሎቹ ግማሹ ኮፍያ፣ ግማሹ ጋቢ ናቸው። አንዱ ዱዓ አደረጉ፣ አንዱ በስመ አብ አሉ፣ ሁላችንም አሚን አሜን አልን። ያን ጊዜ እኔ አላስችል አለኝ። ተነሣሁና "አባቶቼ፣ ትንሽ ልናገር" ብዬ ያላሰቡትን ግጥም አወረድኩባቸው። ያን መረብ ያመጣ ሰው ሐይቁ ፊቱን ያዙርበት፣ የሸሸገ ተባባሪ ካለም እሱው ይባስ አልኩ። ሰው አጨበጨበ። ሰይድ ብቻ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። ግጥሙ ገብቶት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ጋሽ ይመር እስክጨርስ ጠበቁና ከኋላቸው እርጥብ ማዳበሪያ ሳቡ። "መረቡ የተጠቀለለው በዚህ ነው። ጽሑፍ አለበት። ማንበብ የሚችል ያንብብልን።"

ሙሽራው አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ስለሆነ ቶሎ እንዲያልቅለት ብድግ አለ። ጉሮሮውን ጠረገና ጥርት አድርጎ አነበበው። "ዓለም ስትቃጠል..." ብሎ ሲጀምር የራሴን ስንኝ አወቅሁት። "...ክብሪቱን ፈልገው" ብሎ ሲጨርስ ሾፌራችን ከወዲያ ጫፍ ጮኸ፦

"በል ገጣሚው፣ እጅህን ዘርጋ!"

እንዲያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ኮፍያውም ጋቢውም ተንከተከተ። እኔ ግን ቀይ ሸሚዜ ውስጥ ቀላሁ። በገዛ ስንኜ፣ በገዛ እጅ ጽሑፌ፣ ከደቂቃ በፊት በራሴ ላይ ባወረድኩት እርግማን ተይዣለሁ።

"ማን አሸከመህ?" አሉ ጋሽ ይመር። አሁን የሚስቅ የለም።

ምሎ መዋሸት አይቻልም። ስሙን ብጠራ የሰይድ ታንኳ ትገለበጣለች፤ እናቱና እህቶቹ በዚያች ታንኳ ነው የሚበሉት። ሰይድ የኮንጎ ጫማውን ጫፍ እያየ ነው። ስለ ዓለም መሪዎች ስንት ገጽ የጻፍኩ ሰው አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

"ጋሽ ይመር፣ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ጭኛለሁ። ጥፋቱ የኔም ነው" አልኩ። "የሰጠኝን አውቀዋለሁ። ግን እዚሁ አለ፣ አፍም አለው። እሱ እስኪናገር እኔ ቁጭ እላለሁ። ካልተናገረ ግን ምያለሁና ፀሐይ ሳትጠልቅ እናገራለሁ።"

"እኛም ቁጭ እንላለን" አሉ።

ቁጭ አልን። ጥላው ከእግራችን ወደ ጉልበታችን፣ ከጉልበታችን ወደ ጀርባችን ዞረ። የሙሽሪት ቤተሰቦች ከውጫሌ ሰው ላኩ። መልእክተኛው "ሙሽራው ሐሳቡን ቀይሯል ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ፣ እሱንም "ያየኸው ነገር አለ?" ብለው ተቀበሉትና ከእኛው ጋር አስቀመጡት። እትዬ ዘምዘም ማንቆርቆሪያዋን ይዛ መጥታ ከሩቅ ቆመች። "ደንበኞቼን ሁሉ ወሰዳችሁ! እኔ ለሬዲዮው ነው ሻይ የማፈላው?" በመጨረሻ ሙሽራው እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ተነሣ። ነጭ ኮቱ መቀመጫው ላይ አፈር መስሏል።

"ወንድሜ! ማን እንደሆንክ አላውቅም። በነቢዬ ይዤሃለሁ፣ በግሸኗም ይዤሃለሁ! አምስት ዓመት ነው ደጅ የጠናሁት! ዛሬ ካመለጠችኝ ልጆቼን አንተ ትወልዳቸዋለህ?"

መጀመሪያ የሳቀው ሰይድ ነው። እየሳቀ እንባው ወረደ፤ እየሳቀ ተነሣ።

"ሙሽራውን ልቀቁት" አለ። "መረቡ የኔ ነው። ያሸከምኩትም እኔ ነኝ፤ ስም እንዳይጽፍ ያልኩትም እኔ ነኝ።"

ፍርዱ ብዙ አልቆየም። ታንኳው ለአንድ ወቅት ተገለበጠች። ጋሽ ይመር ግን "ያጠፋው እሱ ነው፤ እናቱ አላጠፋችም" አሉና ታንኳ ያለው ሁሉ ተራ ገብቶ በየቀኑ አንድ እስር ዓሣ ለሰይድ እናት ደጅ እንዲያደርስ አዘዙ። መረቡን እናቃጥለው ሲባልም "ዕቃው ምን አጠፋ?" ብለው ተከላከሉ፤ ለቲማቲም መደብ ተሰጠና ችግኙን ከወፍ ሲጠብቅ ኖረ። የኔ ቅጣት ከሁሉ ከበደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን እንዳለበት ሳልጠይቅና የላኪውን ስም ሳልጽፍበት አንድም ዕቃ እንዳልጭን ፈረዱብኝ።

ያን ዕለት ሁላችንም በአንድ ቅጥቅጥ ተጭነን ውጫሌ ሠርጉ ላይ ደረስን፤ ሰይድም አብሮን ነበር። ወሬው ቀድሞን ስለነበር የሙሽሪት ወገኖች በአምባሰል ዜማ "እጅህን ዘርጋና" እያሉ ተቀበሉኝ። እጄን ዘረጋሁ፤ ቁርጥ ሥጋ አኖሩበት። ከዚያ በኋላ ግን ደሴ ውስጥ ያልሰደበኝ የለም። "ምን አለበት?" ስላቸው አንዷ "ልብስ ነው፤ ልፍታና ላልብስህ?" ትለኛለች፤ ሌላው "ጫት አይተህ አታውቅም?" ይላል። ሾፌሩ ከጥያቄዬ ብዛት የተነሣ ሦስተኛውን ካሴት ጨረሰው። እኔ ግን እጠይቃለሁ፣ እጽፋለሁ። ግጥሙም አልቀረም፤ ከስሙ በታች ሆነ እንጂ። በሚቀጥለው ዓመት አምስቱ ቆሮሶ ደንገሉን ማጉበጥ ጀመሩ። ሰይድ የቅጣት ወቅቱን ጨርሶ ታንኳውን አቃና፣ ሁለት ዓመት አጠመደ፣ ከዚያ ሁሉም እያወቀ ጅዳ ሄደ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ኖርኩ፤ አንድ ቀጭን የግጥም መጽሐፍ በራሴ አሳትሜ በእጄ ሸጥኩ። ስለ ዓለም መጻፍ አልተውኩም፣ አልተውምም። ጦርነቱን ማቆም፣ በረዶውን ማርጋት አልቻልኩም፤ ስልኬን ስከፍት ዛሬም አንጀቴ ያርራል። ታዲያ ሲያርር ትዝ የሚለኝ ሾላው ሥር የዋልንበት ቀን ነው። ያን ያህል ሰው ርቦት፣ ሥራ ፈትቶ፣ ሠርግ ዘግይቶበት፣ ለጥፍር ለምታህል ዓሣ ሲል ቁጭ ብሎ ዋለ። ያን ካየሁ በኋላ ዓለም አበቃላት የሚለኝን ሰው ሙሉ በሙሉ ማመን አልችልም፤ ሸንኮራውን ግን እቀበላለሁ።

"ሻይህን ጠጣ" አለ ሰይድ፤ ብርጭቆውን በመስኮት አቀበለኝ። መኪናው ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል፤ ረዳቱ በሩን እየደበደበ ነው። "አሰብከው?"

"አስቤዋለሁ። ፍታው።"

"ካልፈታሁት?"

"እዚሁ ይቀራል፤ ወይም እኔ እወርዳለሁ።"

ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። ሸንኮራ ላጩ "ኧረ ጌታዬ፣ ለአንድ ማዳበሪያ!" አለኝ። ሰይድ ግን እንደ ልጅ እየተፍለቀለቀ ቋጠሮውን ፈታ። አዲስ መረብ ነው፤ ለጋሽ ይመር የልጅ ልጅ ታንኳ የተገዛ። ጋሽ ይመር ዓይናቸው ደክሟል፤ ዛሬም ግን መረብ የሚለኩት እሳቸው ናቸው አለኝ። ሦስት ጣቴን አጋጥሜ በመረቡ ዓይን አሾለክሁ። አለፈ። የኔ ጣት ግን ማርከር እንጂ ገመድ ያላሻከረው ቀጭን ጣት ነው፤ ስለዚህ አራተኛውን ጨመርኩ። እሱም አለፈ።

"ይለፍ!" አልኩ።

ሰይድ ማዳበሪያውን መልሶ አሰረና እጁን ኪሱ ከትቶ አንድ ወፍራም ማርከር አወጣ። ለካ ይዞት ነው የመጣው። ረዳቱ ጥሩንባ እንዲነፋ ለሾፌሩ ይጮኻል።

"ግጥም ልጻፍበት?" አልኩት።

"ቦታ ከተረፈ" አለ ሰይድ። "መጀመሪያ ስሜን ጻፍ። ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ በትልልቁ።"

ማዳበሪያውን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጻፍኩት። ሦስቱን ስም ስጨርስ ቦታ አልተረፈም።